የአዲስ አበባ የዛፍ መቀነት ታሪክና የደብሮቻችን ድርሻ

ግንብና አደባባይ ለከተማ ጌጥዋ ነው፤ ዛፍ ግን ልብስዋ ነው። ጌጥ የጐደለው ሰው ቢያፍር ነው፤ ልብስ የጐደለውን ግን ብርድና ፀሐይ ይጐዳዋል። ስለዚህ በዚህች የኢዮቤልዩ መጽሐፍ ስለ ደብራችን አገልግሎትና ስለ አባቶቻችን ድካም ብዙ ነገር ሲጻፍ፥ ደብሮቻችን የተተከሉባት አዲስ አበባ በዙሪያዋ ስለ ነበራት ደን፥ ደኑም እንዴት እንዳለቀ፥ በምን እንደ ተተካ፥ ዛሬም በምን ዐይነት ድካም ሊመለስ እንደ ተጀመረ ጥቂት መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየን። የከተማ ፕላን ዐዋቂዎች በከተማ ዙሪያና በወንዝ ዳር ቤት ሳይሠራበት ለዛፍ የሚቀረውን መሬት አረንጓዴ መቀነት ይሉታል። ስሙ መልካም ስም ነው፤ መቀነት ወገብን እንደሚያጸና፥ በከተማ ዙሪያ የቆመም ደን ምድሪቱን አጽንቶ ይይዛታልና።

ኢዮቤልዩ የሚለው ቃል ራሱ የመሬትን ነገር ያሳስባል። በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተደነገገው ኀምሳኛው ዓመት የደስታ ዓመት ብቻ አልነበረም፤ ምድሪቱ ከመታረስ የምታርፍበት፥ በችግር ርስቱን የሸጠ ድኻም ወደ ርስቱ የሚመለስበት ዓመት ነበረ። የመሬት ዕረፍትና የድኻ መብት በአንድ ሕግ መታሰራቸውን አንባቢ ልብ ይበል። ከዚህ በታች የምንጽፈው ታሪክ ወደዚሁ ነገር ይመራናል።

ከተማዪቱ ሳትቈረቈር

የእንጦጦ ተራራ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል። ከተራራው በስተ ሰሜን የሚወርደው ዝናብ ወደ ዐባይ ይሄዳል፤ በስተ ደቡብ የሚወርደውም በቀበና፥ በጊንፍሌ፥ በቁርጡሜና በሌሎችም ወንዞች አድርጎ ወደ አቃቂና ወደ አዋሽ ይገባል። ተራራው የሁለት ታላላቅ ወንዞች ውኃ ከፋይ ስለ ሆነ፥ ዛፉ ቢጠፋ ጉዳቱ ለአዲስ አበባ ብቻ አይደለም።

የዚህ ደጋ አገር የተፈጥሮ ልብስ ጥድና ወይራ ነበረ። ከእነርሱም ጋራ ዝግባና ጥቁር እንጨት፥ ከፍ ባለው ስፍራ ኮሶና አስታ፥ ዝቅ ባለውም ብሳናና ግራር ይበቅሉ ነበር። ከሥራቸውም አጋም፥ ቀጋ፥ ክትክታ፥ እንዶድና ሌላው ቍጥቋጦ ሞልቶ፥ ለወፉ ፍሬ፥ ለንቡ አበባ፥ ለድኩላው መሸሸጊያ ይሆን ነበር። ይህ ደን ግን ከተማዪቱ ሳትቈረቈር አስቀድሞ በእርሻ፥ በግጦሽና በእሳት ምክንያት በብዙ ስፍራ ሳስቶ ነበር።

ዛፍ ማስተከል ለአገራችን ነገሥታት እንግዳ ነገር አልነበረም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን፥ በትውፊት እንደሚነገረው፥ በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከሰሜን ሸዋ ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር መጥቶ የተተከለበት ነው። ኋላም ዐፄ ምኒልክ ደኑ እንዳይቈረጥ ጥበቃ አድርገውለታል። ዛሬም በዚያ ስፍራ እጅግ ያረጁ ታላላቅ ጥዶች ቆመው ይታያሉ፤ ጉሬዛ በቅርንጫፉ ላይ ይዘላል፤ በንጉሠ ነገሥቱ ስም የሚጠራው የምኒልክ ድኩላም ይገኝበታል። ትውፊቱ የሚያስተምረን አንድ ነገር አለ። ዘር ከሩቅ ሊመጣ የቻለው እናት ዛፍ በዚያ ተጠብቃ ስለ ቆየች ነው። ወፍ ዋሻ ቀድሞ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ፥ ንጉሡ ቢያዝዙም ሎሌው የሚያመጣው ዘር ባላገኘ ነበር።

የማገዶው ችግር

ዳግማዊ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከአንኮበር ወደ ምዕራብ እየገፉ መጥተው በእንጦጦ ላይ ከተሙ። ተራራው ለጠላት የማይመች ጽኑ ስፍራ ቢሆንም፥ ብርዱና ነፋሱ የበረታ፥ ውኃውም የራቀ ነበረ። ስለዚህ እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውኃ ወርደው የስፍራውን ማማር ባዩ ጊዜ በዚያ ቤት እንዲሠራ አደረጉ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ይህ የሆነ በ1879 ዓ.ም. ነው። እንጦጦም ወዲያው አልተተወችም፤ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነውና።

ከዚያ በኋላ መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው፥ ነጋዴውም ከነሸቀጡ፥ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞችም ከነቤተ ሰባቸው ወደ ሜዳው ወርደው ሰፈሩ። ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚኖረው በእንጨት ነበረ። እንጀራው በማገዶ ይጋገራል፤ ወጡ በማገዶ ይሠራል፤ የደጋው ሌሊት በማገዶ ይሞቃል፤ ቤቱም በምሰሶና በማገር፥ አጥሩም በአጣና ይሠራል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በቅርብ የነበረው ጥድና ወይራ አለቀ፤ እንጨት ለቃሚው ከቀን ወደ ቀን እየራቀ መሄድ ግድ ሆነበት።

ከዚያ ቀደም የነበሩት ነገሥታት እንጨቱና ሣሩ ባለቀ ጊዜ ድንኳናቸውን ነቅለው ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዱ ነበር፤ የተተወችውም ምድር ዐርፋ ታገግም ነበር። በአዲስ አበባም እንዲሁ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከከተማዪቱ በስተ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እንጨት በሚገኝበት አገር ሌላ ከተማ ማሠራት ጀመሩ፤ ስሙም አዲስ ዓለም ተባለ። ነገር ግን በአዲስ አበባ ብዙ የድንጋይ ቤት ተሠርቶ፥ ገበያውም ደብሩም ጸንቶ ስለ ነበረ፥ ከተማ እንደ ድንኳን የሚነቀል አልሆነም። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት ለቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ እርሱም የአዲስ ዓለም ማርያም ነው። መናገሻውን በስፍራው ካጸኑት ምክንያቶች አንዱ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነበረ።

የባሕር ዛፍ ውለታና ዕዳ

ባሕር ዛፍ የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ነው። ወደ አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፥ ያስገባውም በዐፄ ምኒልክ ዘንድ ባለሟል የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ እንደ ሆነ በብዙዎች ይነገራል። ሕዝቡም ከባሕር ማዶ መምጣቱን አይቶ ባሕር ዛፍ አለው። ይህ ዛፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለምሰሶና ለማገዶ ይደርሳል፤ ቢቈርጡት ከጕቶው ደግሞ ያቈጠቍጣል፤ ከብት ቅጠሉን አይበላውም፤ በድንጋያማ ተረተርም ይበቅላል። ለከተማ ማገዶ ከዚህ የተሻለ ዛፍ በዚያ ዘመን አልተገኘም።

ስለዚህ ባለርስቱ ሁሉ በየግቢውና በየተዳፋቱ ተከለው። ከአንድ ትውልድ ዕድሜ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከተማዪቱና ተራራዋ በባሕር ዛፍ ተሸፈኑ፤ ከሩቅ አገር የመጡ መንገደኞችም አዲስ አበባ ከሩቅ ስትታይ ከተማ ሳትሆን ደን ትመስላለች እያሉ ጻፉ። ይህ የመጀመሪያው በሰው እጅ የተሠራ የአዲስ አበባ የዛፍ መቀነት ነው። ይህን ዛፍ ዛሬ መስደብ ውለታ መርሳት ይሆናል። የአያቶቻችንን እንጀራ የጋገረ፥ ቤታቸውን ያቆመ፥ የቀረውንም የአገር ዛፍ ከመጥረቢያ በጥቂቱ ያሳረፈ እርሱ ነው።

ይሁን እንጂ ለአንድ ጕዳይ ብቻ የተተከለ ደን አንዱን ጕዳይ ብቻ ይፈጽማል። ባሕር ዛፍ ውኃ በብዙ ይጠጣል፤ ቅጠሉም ዘይት ያለበት ስለ ሆነ ቶሎ አይበሰብስም፤ ችፍግ ብሎ በተተከለበትም ስፍራ ከሥሩ ሣርና ቍጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም። የወደቀውም ቅጠል ለእንጀራ መጋገሪያ በየቀኑ ስለሚጠረግ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። በክረምት ኀይለኛ ዝናብ በመጣ ጊዜ ውኃው ወደ ምድር ከመስረግ ይልቅ ዐፈሩን ይዞ ወደ ከተማው ይወርዳል። ተራራው ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴ ነው፤ ገብተው ሲያዩት ግን በየስፍራው ገደልና ቦረቦር የሞላበት፥ የፍሬ በል ወፍ ድምፅም እንደ ቀድሞው የማይሰማበት ሆነ። ደን መስሎ የሚታየው ሁሉ ደን አይደለም፤ በርካታ እንጨት የቆመበት እርሻም አለ።

ያልተነገረው ሸክም

የዚህ ደን ታሪክ ሲጻፍ የነገሥታቱና የመኳንንቱ ስም ይነሣል። ደኑን ወደ ከተማው ያወረዱት ግን ስማቸው ያልተጻፈ ሴቶች ናቸው። ብዙ ዘመን ሙሉ የከተማዪቱ ድኾች እናቶችና ልጃገረዶች ገና ሳይነጋ ወደ እንጦጦ እየወጡ ጭራሮና ቅጠል ለቅመው፥ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው አዝለው፥ ወገባቸውን አጕብጠው ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ ሌላውም ገበያ ይወርዱ ነበር። ከሸክሙ የሚገኘው ገንዘብ የዕለት እንጀራ ብቻ ነበረ። ሸክሙ ያጐበጠው ጀርባ እንደገና አይቀናም፤ በመንገዱም መውደቅና መሰበር፥ በዱርም መደፈር የደረሰባቸው ብዙዎች ናቸው።

በ1967 ዓ.ም. የገጠሩና የከተማው መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሀብት በሆነ ጊዜ፥ ቀድሞ የባለርስት የነበረው ባሕር ዛፍ ወደ መንግሥትና ወደ ማኅበራት እጅ ገባ። በ1970ዎቹም ለከተማዪቱ ማገዶ የሚሆን ተጨማሪ ሰፊ ተክል በዙሪያዋ ተተከለ። ለደኑ ዘበኛ ሲቆምለት፥ እነዚያ ሴቶች በአንድ ጊዜ እንደ ሌባ የሚታዩ ሆኑ። ዘበኛው ግዴታውን ይፈጽማል፤ እናቲቱም ለልጆችዋ ራት መያዝ ይገባታል። በሁለቱ መካከል የነበረው ጠብ የሰው ክፋት ብቻ ያመጣው አልነበረም፤ ደኑ ሲተከል እነርሱን ያሰበ ሰው ስላልነበረ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ግን ከእነዚሁ ሴቶች ጥቂቶቹ በማኅበር ተሰብስበው ሸክሙን ትተው በሽመና ሥራ ለመኖር ጀመሩ፤ የሠሩትንም ነጠላና ፎጣ በእንጦጦ ግርጌ እየሸጡ፥ መንገድ ከተከፈተላቸው ደኑን ሳይነኩ መኖር እንደሚችሉ በሥራቸው አሳዩ።

ደኑን የመመለስ ሥራ

የለንደንን ታላቅ ፕላን እ.ኤ.አ. በ1944 ያወጡት እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ በዚያች ከተማ ዙሪያ ቤት የማይሠራበት አረንጓዴ መቀነት እንዲቀር መክረው ነበር። እኒሁ ሰው በ1940ዎቹ ዓ.ም. በመንግሥት ተጋብዘው ለአዲስ አበባም ፕላን አውጥተዋል። ከዚያ ወዲህም በየጊዜው በወጡት ፕላኖች ውስጥ ለዛፍ የሚሆን መሬት በአረንጓዴ ቀለም ሲሣል ኖሯል። ነገር ግን በወረቀት ላይ አረንጓዴ የነበረው ስፍራ በብዙ ቦታ ቤት ተሠርቶበት ቀረ። ቀለም መሬት አይጠብቅምና።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. የበጎ ፈቃድ ሰዎች በእንጦጦ ላይ የባሕር ዛፉን ስፍራ በአገር ዛፍ ለመተካት ሥራ ጀመሩ። ከዚያም በኋላ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው በእንጦጦ ምዕራባዊ ወገን 705 ሔክታር የሚሆን መሬት ከልለው የጉለሌን የእፅዋት ማእከል አቋቋሙ፤ በዚያም የአገራችን ዛፎችና የመድኀኒት ቅጠሎች ተሰብስበው ይተከላሉ፥ ይጠናሉ። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ የሚባለው የችግኝ ተከላ በአገሩ ሁሉ ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ቀን ከ350 ሚልዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። በዚሁ ዓመት የአዲስ አበባን ወንዞች ዳርቻ 56 ኪሎ ሜትር ያህል አጽድቶ በአትክልት ለማልማት የታሰበው ሥራ ተነገረ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያም የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ለሕዝብ ተከፈተ፤ ቀድሞ እንጨት ይሸከሙ ከነበሩት ሴቶችም በዚያ ሥራ ያገኙ እንዳሉ ተነግሯል።

ይህ ሁሉ የሚያስደስት ነገር ነው። ቢሆንም ደን የሚመለስበትን መንገድ ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልጋል። ባሕር ዛፉን ሁሉ በአንድ ክረምት መጨፍጨፍ ተራራውን ራቁቱን ለጎርፍ መስጠት ነው። በአገራችን በተክል ደኖች ውስጥ የተደረጉት ጥናቶች እንዳሳዩት፥ እናት ዛፍ በቅርብ ካለችና ከብትና መጥረቢያ ከተከለከሉ፥ ከባዕዱ ዛፍ ጥላ ሥር የአገሩ ዛፍ በራሱ ጊዜ ይበቅላል። ወፍ የወይራውንና የጥዱን ፍሬ በልቶ ዘሩን በሩቅ ይጥላል፤ ጥላውም ለጋውን ችግኝ ከፀሐይ ይከልለዋል። ስለዚህ ብልኅ ሰው ባሕር ዛፉን በየተራ እያሳሳ፥ ከጕቶው የሚወጣውን ቅርንጫፍ እየመለመለ፥ በተከፈተው ስፍራ ወይራውን፥ ጥዱን፥ ኮሶውንና ዝግባውን ይተካበታል። ያ የቀድሞው የማገዶ ዛፍ ለአዲሱ ደን ሞግዚት ይሆናል ማለት ነው።

በወንዝ ዳርም እንዲሁ ነው። ከተማዪቱን አቋርጠው የሚያልፉት ወንዞች የቤቱንና የፋብሪካውን እድፍ ተሸክመው ወደ አቃቂና ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ፤ በታችኛው አገር ያሉት ገበሬዎችም በዚያው ውኃ አትክልት ያጠጣሉ፥ ከብት ያጠጣሉ። በወንዙ ዳር የሚቆም ዛፍና ሣር ዐፈሩን ይይዛል፥ ጎርፉን ያዘገያል፥ ከእድፉም ጥቂቱን ያጣራል። ነገር ግን ከላይ የሚጣለው እድፍ ካልተከለከለ በዳር የሚተከለው አበባ ቍስልን በሐር እንደ መሸፈን ይሆናል። ደግሞም በወንዝ ዳር ለብዙ ዓመት ይኖሩ የነበሩ ድኾች በልማቱ ምክንያት ከስፍራቸው ሲነሡ፥ የሚሄዱበት ቤትና የሚኖሩበት ሥራ አስቀድሞ ካልተዘጋጀላቸው፥ የከተማዪቱ ማማር በእነርሱ እንባ የተገዛ ይሆናል። የኢዮቤልዩ ሕግ ምድርን ሲያሳርፍ ድኻውን ወደ ርስቱ እንጂ ከርስቱ አላስወጣም።

እናት ዛፍ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር

እንግዲህ ለሚመለሰው ደን ዘሩ ከወዴት ይገኛል? ይህ ጥያቄ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል።

የአገራችን ደጋ ዛፎች ዘራቸው በምድር ውስጥ ተቀብሮ ብዙ ዘመን የሚቆይ አይደለም። ከእነርሱ የሚበዙት ዘራቸው በዓመትና በሁለት ዓመት ውስጥ ካልበቀለ ይበሰብሳል ወይም ይበላል። ስለዚህ እናት ዛፍ ከተቈረጠች በኋላ ምድሪቱን ቢያሳርፉዋት እንኳ የቀድሞው ደን ከራሱ ሊነሣ አይችልም። በሰሜኑ አገር እርሻው ሁሉንም ሲያጸዳ፥ እናት ዛፍ ተጠብቃ የቀረችው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ ነው። በደቡብ ጎንደር ብቻ ደን ያላቸው ከ1,000 የሚበልጡ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ በዚያ አገር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው 168 ዐይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ አግኝተዋል። የ28ቱ ደን ሁሉ ቢደመር ስፋቱ ወደ 500 ሔክታር ብቻ ነው። በዚህ ያህል ጥቂት መሬት ላይ ያን ያህል ፍጥረት መትረፉን ያሰበ ሰው፥ አባቶቻችን በጠበቁት ነገር ይደነቃል።

አባቶች ይህን ሲያደርጉ ስለ ዘርና ስለ ዝርያ ጥናት አስበው አልነበረም። ቤተ መቅደሱ በዛፍ ጥላ እንዲከበር፥ ለጸሎተኛው ጸጥታ እንዲሆን፥ በዚያም ያረፉት ሙታን በሰላም እንዲያርፉ ብለው ነው። ነገር ግን መልካም ልማድ ባለቤቱ ካሰበው በላይ ፍሬ ያፈራል። ኋላም ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቱ የዛፍ ሊቅ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱ ጋራ ተማክረው፥ ከብት እንዳይገባ በአንዳንዶቹ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲካብ ረዱ። ድንጋዩም የተለቀመው በአጠገቡ ካለው እርሻ ነው። እንዲህ በመሆኑ ደኑ አጥር አገኘ፤ የገበሬውም እርሻ ከድንጋይ ነጻ ወጣ። አንድ ሥራ ለዛፉም ለሰውም ሲጠቅም ጸንቶ ይኖራል፤ ከሁለቱ አንዱን የጐዳ እንደ ሆነ ግን ይፈርሳል።

በአዲስ አበባም በእንጦጦ ማርያም፥ በእንጦጦ ራጉኤልና በሌሎችም የቀደሙ አድባራት ቅጽር ውስጥ ጥድና ወይራ አሉ። እነዚህ ለተራራው ደን የዘር ጐተራ ናቸው። እዚህ ላይ ግን ሳንናገር የማናልፈው ነገር አለ። በብዙ የከተማ አድባራት ቅጽር ውስጥ አሮጌ ዛፎች በየዓመቱ ይወድቃሉ። አንዱ ለአዳራሽ ይቈረጣል፤ ሌላው ለሚከራይ ሱቅ፤ ሌላው ለመቃብር ሐውልት፤ ሌላውም ግቢው በሸክላና በሲሚንቶ እንዲነጠፍ ተብሎ። ለእያንዳንዱ ቈረጣ ምክንያት አይጠፋም፤ ደብር ገቢ ያስፈልገዋል፥ ምእመንም መጠለያ ይሻል። ነገር ግን አዳራሽ በሁለት ዓመት ይሠራል፤ መቶ ዓመት የቆመ ጥድ ግን በገንዘብ አይሠራም። ገጠሬው ገበሬ መሬት ጠቦት ሳለ ያልነካውን ዛፍ የከተማው ሰው ለኪራይ ብሎ ቢቈርጠው፥ አደራውን የሚመልስ ትውልድ ምን ይለናል?

ከእኛ የሚጠበቀው ሥራ

ተራራውን ሁሉ ማልበስ የመንግሥትና የሊቃውንት ሥራ ነው። ከደብር የሚጠበቀው ከዚያ ያነሰ፥ ነገር ግን ሌላ ሰው ሊሠራው የማይችል ሥራ ነው።

መጀመሪያ፥ የሰበካው ጉባኤ በቅጽሩ ውስጥ ያሉትን የአገር ዛፎች ቈጥሮ በመዝገብ ይጻፍ፤ ጥዱንም ጥድ፥ ወይራውንም ወይራ፥ ዝግባውንም ዝግባ ብሎ በስሙ ይጻፈው። የተቈጠረ ነገር ሲጠፋ ይጠየቅበታል። ያልተቈጠረ ግን ሲጠፋ አይታወቅም። አዲስ ቤት በሚሠራበትም ጊዜ አስቀድሞ ዛፉ በንድፉ ላይ ይመልከት፤ ቤቱም በዛፉ መካከል ስፍራውን ይፈልግ።

ሁለተኛ፥ ፍሬው በሚበስልበት ወራት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ዘሩን ይልቀሙ፤ በቅጽሩ ጥግም ችግኝ ይፍላ። የችግኙን ጥበቃ ግን ለወጣቶች ትጋት ብቻ መተው አይገባም። በየደብሩ በር ላይ እጅዋን ዘርግታ የምትቀመጥ፥ ወይም ገና ጭራሮ ለመልቀም ተራራ የምትወጣ እናት አለች። ለእርስዋ ደመወዝ ተቈርጦላት ችግኝ ብታፈላ፥ ደብሩ ምጽዋቱን በሥራ ሰጠ ማለት ነው። ከችግኙ ጋራ ጌሾ ቢተከል ለጠላው፥ የንብ ቀፎ ቢሰቀል ለማሩ፥ ሣሩም ሳይጋጥ እየታጨደ ቢሸጥ ለከብቱ ይሆናል። ደኑ ለእርስዋ እንጀራ ከሆነ ጠባቂው እርስዋ ናት፤ የጦር መሣሪያ የያዘ ዘበኛም ያን ያህል አይጠብቀውም።

ሦስተኛ፥ በሐምሌ የተተከለው ችግኝ በጥር ይጐብኝ። በየክረምቱ ብዙ ችግኝ ይተከላል፤ በበጋ ግን ውኃ የሚያጠጣው በማጣት፥ ፍየልና በግ በመብላቱም ብዙው ይጠፋል። ስለዚህ ለእግዚአብሔር ቤት በዓል ሪፖርት በሚቀርብበት ጊዜ የተተከለው ሳይሆን በሦስተኛው ዓመት ቆሞ የተገኘው ይቈጠር። ዐሥር ተክሎ ዐሥሩን ያሳደገ ደብር ሺህ ተክሎ ሁሉንም ካጣው ይበልጣል።

አራተኛ፥ የደብሩ ቤተ ድግስ፥ ሰንበቴውና ማኅበሩ የሚያቃጥሉት ማገዶ ከወዴት እንደሚመጣ ይታሰብበት። ማገዶ የሚቈጥብ ምድጃ ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ ቢገባ፥ በየበዓሉ ከተራራው የሚወርደው ሸክም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በአንድ እጅ ተክሎ በአንድ እጅ ማንደድ ትርፍ የለውም።

የከተማችን ደን እስካሁን ሦስት ዘመን አይቷል። በመጀመሪያው ዘመን የተሰጠ ደን ነበረ፥ ተቈርጦ አለቀ። በሁለተኛው ዘመን በሰው እጅ ተተከለ፤ ከተማዪቱንም አዳነ፥ ነገር ግን ወፉንና ምንጩን፥ ሸክም ያጐበጣትንም እናት ረሳ። አሁን በተጀመረው በሦስተኛው ዘመን ሁለቱን ስሕተት ላለመድገም ዕድል አለን። ዘሩ በቅጽራችን ውስጥ ነው፤ ሠራተኛዪቱም በደጃችን ናት። ምድር የምታርፍበት፥ ድኻም ወደ እንጀራው የሚመለስበት ኢዮቤልዩ በመጽሐፍ ብቻ ታትሞ እንዳይቀር፥ በዓሉ ባለፈ ማግስት መዝገቡ ይከፈት፤ ከቤተ መቅደሱ አጠገብ ካለው አንጋፋ ጥድም ተጀምሮ ቈጠራው ይጀመር።